የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ተማሪ አገልግሎት ቢሮ ውስጥ ያለው ሥራ

ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱንን አምስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ ይዘናል። ሁሉም በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለመደገፍ ሥራ ይጠይቃሉ። ገና ለመቀጠር የሚያስቡ አሉ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ግራ የገባቸውም አሉ። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል፤ የማንንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። በሳይኮሎጂ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ለጊዜው ሳቢያን አካባቢ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነኝ። ዩኒቨርሲቲውም የግል ኮሌጆቹም «የተማሪዎች አገልግሎት ባለሙያ» እያሉ ማስታወቂያ ያወጣሉ። ሥራው በትክክል ምንድን ነው? እኔ የምፈልገው ማማከር ነው፤ ፕሮክተር (የማደሪያ ተቆጣጣሪ) ሆኜ እንዳልቀር እሰጋለሁ። (እ.፣ ሳቢያን)

መልስ፦ እህታችን፣ መደቡ በሁለቱ ቦታ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አገልግሎት ሲባል ማደሪያው፣ ምግብ ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ የምክር አገልግሎቱ፣ ዲሲፕሊኑና የክበባቱ ጉዳይ በአንድ ጥላ ሥር የሚውሉበት ትልቅ ክፍል ነው። የሥርዓተ ፆታና የልዩ ፍላጎት ጉዳይ ብዙ ጊዜ የየራሱ ቢሮ አለው። እዚያ የምትቀጠሪው ለአንዱ ቅርንጫፍ ነው፤ ማደሪያ ከተመደብሽ ማደሪያ ነሽ። የግል ኮሌጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዶርምም ካፌም ስለሌለው፣ ያው አንድ ሰው አዲስ ተማሪ ይቀበላል፣ መታወቂያ ያሠራል፣ ቅሬታ ይሰማል፣ ክፍያ ያቋረጠውን ይከታተላል፣ ሲደርስም የምረቃ ጋውን ያከፋፍላል። ማማከሩ የሚሠራው በዚህ ሁሉ መሃል ጊዜ ሲገኝ ነው።

ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ላይ አንቺም ጠይቂ። ተጠሪነቴ ለማን ነው? የማነጋግርበት በሩ የሚዘጋ ክፍል አለ? የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል እሆናለሁ? የማታ ተረኝነት አለበት? ከሁሉም ሦስተኛውን አጥብቂ። ጠዋት የመከረውን ተማሪ ከሰዓት ኮሚቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚቀጣ ባለሙያ፣ በሳምንቱ ቢሮው ጭር ይላል። ወሬው በግቢው የሚዳረሰው በአንድ ቀን ነው።

ፕሮክተርነትን ደግሞ አትናቂው። አንድ አልጋ ሦስት ቀን እንዳልተተኛበት፣ አንዷ ልጅ ከዶርም መውጣት እንዳቆመች ቀድሞ የሚያየው ፕሮክተሩ እንጂ አማካሪው አይደለም። ሁለት ዓመት እዚያ የሠራ ሰው ወደ ምክር ክፍል ሲዛወር ብዙ ነገር ይዞ ይሄዳል። የዝውውሩ መንገድ መኖሩን ግን ከመፈረምሽ በፊት ከሰው ኃይል አረጋግጪ።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ዋናውንና ኮፒውን ይዘሽ ቅረቢ፦ ዲግሪ ወይም ቴምፖራሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ግዴታ ስለሆነ ማስታወቂያዎቹ በግልጽ ይጠይቁታል። ብዙ ሰው የሚወድቀው በሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው። ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ካልተጻፈበት መዝጋቢው ይመልሰዋል። የሱፐርማርኬቱ ልምድ «አግባብነት ያለው» ተብሎ ላይያዝልሽ ስለሚችል፣ በትምህርት ላይ ሳለሽ የሠራሽውን የተግባር ልምምድ በደብዳቤ አስደግፈሽ አያይዢ። አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ከቻልሽ በማመልከቻው የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ጻፊው፤ በድሬ ይህ ከሥልጠና ሰርተፊኬት በላይ ያስቀጥራል። ለጽሑፍ ፈተናው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ን እና የተቋሙን የሴኔት ሕግ የተማሪ ጉዳይ ምዕራፍ አንብቢ። ኤክሴልም ተለማመጂ። ለምን ኤክሴል እንዳልን ከሚቀጥለው መልስ ታይዋለሽ።

ጥያቄ፦ ለረጅም ዓመት በጽሕፈት ሥራ ላይ ቆይቼ አሁን የማደሪያ አስተባባሪ ሆኜ ተመድቤያለሁ። አዲስ ተማሪዎች የሚገቡበት ሳምንት ቀርቧል። ያለፈው ዓመት ብዙ ጭቅጭቅ ነበር አሉ፤ ከየት ልጀምር? (አቶ መ.፣ ሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አቶ መ.፣ ከድልድሉ ይጀምሩ። ሬጅስትራር የሚልክልዎ ዝርዝር በስም ተራ የተደረደረ ነው። ዝርዝሩን እንዳለ ስድስት ስድስት አድርገው ከቆረጡት፣ «አብዱ» ብለው የሚጀምሩት ሁሉ አንድ ኮሪደር፣ «ገብረ» እና «ወልደ» ብለው የሚጀምሩት ሌላ ኮሪደር ያርፋሉ። ማንም ሳያስበው ሕንፃው በሃይማኖትና በክልል ይከፈላል፤ በኋላ ጠብ ሲነሳ «ማን ነው እንዲህ የደለደለን?» ይባላል። ኤክሴል ላይ ከስሞቹ ጎን አንድ ዓምድ ጨምረው የ«ራንድ» ፎርሙላ ያስገቡ፤ ከዚያ በዚያ ዓምድ ይደርድሩ። ከመደርደርዎ በፊት ግን ቁጥሮቹን ኮፒ አድርገው እንደ ቁጥር ብቻ መልሰው ይለጥፏቸው። ይህን ካልዘለሉ ጥሩ ነው፤ ፎርሙላው ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ትናንት በሩ ላይ የለጠፉትን ዝርዝር ዛሬ ማብራራት ያቅትዎታል።

ድልድሉን ከመሥራትዎ በፊት ምድር ቤት ያሉትን ክፍሎች ከዝርዝሩ ያውጡ። በዊልቸር ወይም በክራንች ለሚሄዱ፣ ማየት ለተሳናቸው፣ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ይቆዩ። የሚጥል በሽታ ያለበትን ተማሪ ከላይኛው ተደራራቢ አልጋ ላይ ማስተኛት አደጋ ነው፤ ይህን የሚነግርዎ የክሊኒኩ ቅጽ ስለሆነ ቅጹ ከድልድሉ በፊት ይሞላ። ከመቶ አልጋ አራት አምስቱን ደግሞ ባዶ ይያዙ። ዘግይቶ የሚደርስ አለ፣ ክፍሉ ውስጥ መኖር የማይችል አለ፣ ቧንቧ የሚፈነዳበት ክፍል አለ። ይህን መጠባበቂያ ለ«አደራ» አይንኩት። አንዴ ለዘመድ ከተከፈተ ሰው ሁሉ የኔስ ይላል።

ርክክቡ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ፍራሹንና ሎከሩን ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) የወሰዱት እርስዎ ስለሆኑ ቢጠፋ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። ለክፍሉ አንድ ቅጽ አስሞልተው አንዱን ተማሪ ብቻ አያስፈርሙ፤ እያንዳንዱ የራሱን አልጋ ቁጥር፣ ፍራሽ፣ ሎከርና ቁልፍ ይፈርም። የጋራ የሆነውን፣ መስኮቱን፣ በሩን፣ አምፖሉን፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ይፈርሙበት። ያለውን ጉድለት በዚያው ቀን ይጻፉ፦ «የመስኮት መስታወት አንድ የተሰነጠቀ»፣ «ሎከር 3 መቆለፊያ የለውም»። በስልክ ፎቶ ያንሱት። በዓመቱ መጨረሻ ክሊራንስ ላይ ስድስት ልጆች ባልሰበሩት መስታወት ታግደው የአውቶቡስ ቲኬታቸው የሚቃጠለው ይህ አንድ መስመር ባለመጻፉ ነው።

የመቀበያው ጠረጴዛ ላይ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛና አማርኛ የሚናገሩ ሰዎች ይመደቡ፤ አንድ ሰው ሦስቱንም ከቻለ ተገላገሉ። ከአዲስ አበባ በባቡር የሚመጡት የሚወርዱት ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ ስለሆነ፣ ሐረር እስኪደርሱ ይመሻል። የስም ዝርዝሩ ቅጂ ከቢሮዎ ሌላ ጥበቃው ዘንድም ይኑር። በመጀመሪያው ሌሊት በር ላይ የሚያድር ተማሪ መኖር የለበትም።

ስለ ውሃ እንጨምርልዎ። ለድሬዳዋ ባልደረቦችዎ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። ውሃ ስለሚቆራረጥ ተማሪው በባልዲና በጀሪካን፣ ግቢው በሮቶ ያጠራቅማል። ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ የከተማ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ ሲነሳ ከተጠቁት ቦታዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ነበር። እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚበቃው፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን ይወስኑ፤ ባልዲው ይደፋ፣ ይታሽ፣ ሮቶው ክዳኑ መግጠሙ ይታይ። አጎበር ብቻ አይበቃም። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ነው የምትነድፈው። ከደጋ የመጣ ተማሪ ደግሞ ትኩሳቱን «የድሬ ሙቀት ነው» ብሎ ሦስት ቀን ሊተኛበት ይችላል፤ ፕሮክተሮችዎ ትኩሳት ያለውን ሁሉ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ እንዲወስዱ ያዝዟቸው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የተማሪ ድጋፍ ብቸኛ ሠራተኛ ነኝ። ትልቁ ችግራችን ተማሪዎች ሳይናገሩ መጥፋታቸው ነው። ከሚድ ኤግዛም በኋላ ክፍሉ ይሳሳል። በቴሌግራም ግሩፕ ብጽፍም መልስ የለም። ምን ላድርግ? (ት.፣ ገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ቴሌግራሙን ለማስታወቂያ ተወው። የጠፋ ተማሪ 200 ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ «አለሁ» አይልም።

የሚሠራው ይህ ነው። ከመምህራኑ ጋር ተስማምተህ፣ በተከታታይ ሦስት ክፍለ ጊዜ የቀረ ተማሪ ስም በየሳምንቱ ሐሙስ ይድረስህ። ረጅም ቅጽ አትስጣቸው፤ መምህር ቅጽ አይሞላም። ስም፣ ሴክሽን፣ ያልመጣበት ቀን፣ በቃ። አርብ ጠዋት ደውል። ለምን ጠዋት? የከሰዓቱ ሰዓት በኛ አገር የበርጫ፣ ማለትም ጫት የሚቃምበት ሰዓት ነው። በምርቃና ላይ ያለ ልጅ ሁሉንም እሺ ይልሃል፤ ሰኞ ግን አይመጣም። ለቢሮ ቀጠሮም ይኸው ነው፤ ከ3 እስከ 5 ሰዓት የያዝከው ቀጠሮ ከሰዓት ከምትይዘው ይሻላል። ስለ ጫቱ ስብከት አትጀምርበት። ስለ እንቅልፉ ጠይቀው፤ ለፈተና ብሎ ሌሊቱን በጫት የሚያነጋ፣ ሲተኛም ዱካክ የሚያስቸግረው መሆኑን ራሱ ይነግርሃል።

ስትደውል «ለምን ቀረህ?» አትበል። ክስ ስለሚመስል የሚመጣልህ ሰበብ ነው። «ሦስት ክላስ አላየንህም፣ ደህና ነህ ወይ?» ብለህ ጀምርና አራት ነገር ለይ፦ ገንዘብ ነው? ጤና ነው? ቤተሰብ ነው? ወይስ ትምህርቱ ከበደው? መልሱ ቀጥሎ የምትሄድበትን በር ይወስናል። ትምህርቱ የከበደውን ማጽናናት ብቻውን ምንም አይፈይድለትም፤ የትኛው ኮርስ፣ የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ለይተህ ከመምህሩ ጋር አገናኘው። ስታገናኘውም «ሂድና አነጋግረው» ብለህ አትሸኘው፤ ለመምህሩ እሱ ባለበት ደውልና ቀንና ሰዓት ያዝለት። በቃል ብቻ «ሂድ» ከተባሉት ውስጥ የሚሄዱት ጥቂቶች ናቸው።

ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ሥልጣንህን እወቅ። አንተ ክፍያ ማራዘም አትችልም፤ ቃል ከገባህና ፋይናንስ ፈተና ላይ ከከለከለው ሁለተኛ አያምንህም። ከፋይናንስ ጋር አንድ የክፍያ ስምምነት ቅጽ አዘጋጁ፦ ያለበት ዕዳ፣ በስንት ጊዜ እንደሚከፍል፣ የመጀመሪያው ቀን፣ ያን ቀን ካለፈ የሚሆነው፣ የሦስቱ ፊርማ። ከፈተና ሳምንት በፊት የተፈረመ ስምምነት ልጁን ክፍል ውስጥ ያቆየዋል። በፈተናው ጠዋት የሚፈረም ግን ለቅሶ ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ማቋረጡ ካልቀረ በሥርዓቱ ያቋርጥ። ዝም ብሎ የጠፋ ተማሪ በየኮርሱ ኤፍ ይመዘገብበታል፤ ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) የሞላ ግን ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ተማሪዎች ይህን ልዩነት አያውቁትም፤ አንተ ከምትሠራው ሁሉ ይህን ማሳወቅህ ብዙ ዓመት ያድናል። ቅጹ ብዙ ጊዜ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ላይብረሪ፣ ፋይናንስና ሬጅስትራር ይፈርሙበታል፤ መታወቂያውም ይመለሳል። የሚበላሸው ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ነው። ልጁ ሦስቱን አስፈርሞ ሬጅስትራር «ነገ ና» ይለዋል፣ እሱም ለአገሩ መኪና ይሳፈራል። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ሲስተሙ ላይ እንደጠፋ ይቆጠራል። ስለዚህ ሬጅስትራር የተቀበለበት ቀንና ማኅተም ያለበትን ኮፒ ሳይዝ እንዳይሄድ፤ አንዱን ኮፒ አንተ አስቀምጥ። መመለሻ ማመልከቻ የሚቀርብበትን ጊዜም እዚያው ኮፒ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍለት።

ወላጆች ሌላ ጣጣ ናቸው። «ከፋዩ እኔ ነኝ» ብለው ውጤት ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ እውነትም ከፋዮቹ እነሱ ናቸው። ተማሪው ግን ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ነው። አባትየውን በአክብሮት አስቀምጣቸው፣ ውሃ አቅርብላቸው፣ ለልጁ ደውልና እሱ ባለበት ተነጋገሩ። ከጀርባው የነገርካቸው ነገር እቤት ሲደርስ መልኩን ቀይሮ ነው የሚደርሰው።

ጥያቄ፦ አንዲት ተማሪ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ መኖር እንደሰለቻት ነገረችኝ። ምስጢር ጠባቂ መሆን አለብኝ? ደግሞስ ጥቃት ደርሶብኛል ብላ የምትመጣ ብትኖር የመጀመሪያው እርምጃ ምንድን ነው? (ሥሟ ይቆይ፣ ሐረር)

መልስ፦ እህታችን፣ ይህን ምስጢር ብቻሽን መያዝ የለብሽም፤ መሐላውም አያስርሽ። ወደፊት ማንንም ከማነጋገርሽ በፊት ወሰኑን ንገሪ፦ «የምትነግሪኝ እዚሁ ይቀራል፤ ሕይወትሽ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ሊረዳሽ ለሚችል ሰው እነግራለሁ፤ ማን እንደሆነም አስቀድሜ አሳውቅሻለሁ።»

ለዚህች ልጅ ዛሬውኑ ተመለሺ። በግልጽ ጠይቂያት፦ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብዙ ሰው ይህን ቃል ማንሳት ሐሳቡን የሚያመጣባት ይመስለዋል፤ አያመጣም፣ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልላታል። አዎ ካለች እንዴት፣ መቼ፣ በምን ብለሽ ጠይቂ። የወሰነችው መንገድና ጊዜ ካለ ብቻዋን አትተዪያት። መድኃኒትም ሆነ ሌላ ነገር ካከማቸች በፈቃዷ አስወስጂ፤ የምታምናት ጓደኛ አብራት ትደር። ወደ ሆስፒታልም አብረሻት ሂጂ፦ ሐረር ከሆነ ሕይወት ፋና፣ ድሬዳዋ ከሆነ ድል ጮራ። አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ለቅርብ ኃላፊሽ የምትነግሪው «አንዲት ተማሪ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ናት፣ ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ» የሚለውን ብቻ ነው። ምክንያቱን ማወቅ አያስፈልገውም።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ ዋናው ሰዓት ነው። የተደፈረች ተማሪ ከኤችአይቪ የሚከላከለውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት፤ በቶሎ በሆነ ቁጥር የተሻለ ነው። እርግዝና መከላከያው ፖስትፒልም እንዲሁ ሳይዘገይ ይወሰዳል። ሕክምናው የፖሊስን ደብዳቤ ወይም የኮሚቴን ውሳኔ አይጠብቅም። ምርመራ እስኪደረግላት ገላዋን ባትታጠብ ይመረጣል፤ የለበሰችው ልብስ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፣ ፌስታል ውስጥ እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሻል። ታጥባ ከመጣችም ግን አትመልሻት፤ ሕክምናው ይቀጥላል። መክሰስ አለመክሰስ የእሷ ውሳኔ ነው፤ አንቺ መንገዱን አሳዪያት። ታሪኩንም ደጋግመሽ አታስነግሪያት። ከሥርዓተ ፆታ ቢሮው ጋር ስታገናኚያት እሷ ከፈቀደች አንቺ በአጭሩ አስረጂ።

መዝገብሽ ላይ ስም ሳይሆን ኮድ ይጻፍ፤ የኮዱ ዝርዝር በሌላ መሳቢያ ይቆለፍ። በግል ስልክሽና በቴሌግራም ምንም አትላኪ። የምትጽፊውም ያየሽውንና እሷ ያለችውን ይሁን፤ «አእምሮዋ የታወከ ይመስላል» የሚል አስተያየት ከዓመታት በኋላ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ካፌ ተቆጣጣሪ ነኝ። በጾም ወራት የምግብ ሰዓት ጭቅጭቅ አያጣንም። ደግሞስ ይህ ሥራ ደመወዙ ያዋጣል? (ኸ.፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ በደመወዙ እንጀምር፤ አጭር ነው። በመንግሥት ተቋም በመደቡ ደረጃ የተወሰነ ስለሆነ ድርድር የለም፤ አብዛኛው ሰው ከፍ የሚለው በትምህርት፣ በምክር አገልግሎት ወይም በሶሻል ወርክ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ ወደ ቡድን መሪነት ሲያልፍ ነው። የግል ኮሌጅ ያደራድራል፤ የማታና የእሑድ ሥራው በውሉ ላይ መጻፉን እይ።

ካፌውን በተመለከተ ቅድሚያ የሚያስፈልግህ ቁጥር ነው። ረመዳን ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀድመህ የሚጾሙትን በሚል ካርድ ቁጥር አስመዝግብ። ሳትመዘግብ የጀመርክ እንደሆነ ወይ ሱሁር ላይ ይጎድልሃል ወይ ምሳ ላይ ይደፋል። በድሬ ጎሕ የሚቀደው ወደ 11 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሱሁር ከሌሊቱ 9 እስከ 10 ሰዓት ተኩል ቢሆን ይመቻል። ለፕሮክተሮችና ለጥበቃ አስቀድሞ በደብዳቤ ካልተነገረ ግን የማደሪያው በር ተቆልፎ ምግቡ ይቀዘቅዛል። ኢፍጣር ላይ ቴምሩና ውሃው ከአዛን በፊት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ሰልፉ ለዋናው ምግብ ይሁን። ያን ጊዜ ግፊያው ይቀንሳል።

የኦርቶዶክስ ጾም ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። በ2018 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች የካቲት ላይ በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። እንዲህ ሲገጥም የሽሮና የምስር ፍጆታህ በአንድ ጊዜ ስለሚዘል ግዥውን ከወር በፊት አስገባ። የጾሙ ወጥ ድስትና ጭልፋ ለብቻው፣ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ደግሞ ከዕርዱ ጀምሮ እስከ መክተፊያው ለየብቻ ይሁን፤ ጭልፋዎቹን በቀለም ለይተህ መያዣው ላይ ክር እሰርበት፤ የወጥ ቤት ሠራተኛ በሌሊት የሚያነበው ጽሑፍ የለም። ኖን ካፌ የሆኑ (የምግቡን ገንዘብ ወስደው ውጭ የሚበሉ) ተማሪዎች ለጾሙ ወር ብቻ መግባት ሲጠይቁህ ከመፍቀድህ በፊት ወደ ወጪ መጋራት ክፍል ላካቸው። ተማሪው ምግቡን በዓይነት ወይም በገንዘብ እንደሚወስድ በውሉ የመረጠው ስለሆነ፣ አንተ በር ላይ የፈቀድከው ኦዲት ሲመጣ ጉድለት ሆኖ ይገኛል።